«እንዴት አደሩ?»፦ የአረጋውያን ሌሊት ታሪክ በቆቦና በራያ ቆላ

የአማርኛ የማለዳ ሰላምታ ጥያቄ ነው። «እንዴት አደሩ?» የሚለው ቃል በመሠረቱ ስለ ሌሊቱ ይጠይቃል፤ ጠያቂው ግን ብዙውን ጊዜ መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል። ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ በተዘረጋው የራያ ቆላ ለሚያገለግል የጤና ባለሙያ ይህ ሰላምታ የሕክምና ጥያቄም ሊሆን ይገባዋል። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚል አቤቱታ ከአረጋውያን አፍ በየትኛውም የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ይሰማል። መልሱ ሲቸኩል ክኒን ይሆናል። የእነዚህ አረጋውያን ሌሊት ግን የራሱ ታሪክ ያለው ነው፤ ታሪኩ ሳይታወቅ የሚታዘዝ ክኒን ደግሞ በሽታ ያልሆነውን ሲያክም በሽታ የሆነውን ሊሸፍን ይችላል።

ቆላ ወርዶ ማደር

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ ከደጋው፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች ጋር ተዋስኖ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ከደጋው በሚወርዱት እንደ ሆርማትና ጎሊና ባሉ ወንዞች ጎርፍ የሚጠጣ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። አፈሩ ለም ቢሆንም ሌሊቱ የሚፈራ ነበር። የቀድሞው ሰው ትንኝን የበሽታው አስተላላፊ አድርጎ ባያውቃትም፣ ንዳድ የሚይዘው ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው መሆኑን በልምድ ደርሶበት ነበር። ስለዚህም በኢትዮጵያ ቆላዎች ጠርዝ የሚኖር ደገኛ ቀን ወርዶ አርሶ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ሽቅብ ወጥቶ ማደርን እንደ ደንብ ይዞ ኖሯል። በአገራችን ስለ መኝታ ከተሰጡት ጥንታዊ የጤና ምክሮች አንዱ፣ ምን ያህል መተኛት ሳይሆን የት ማደር እንደሚገባ የሚናገር ነበር።

ሜዳውን አገሬ ብሎ ለኖረው ቆለኛ ግን የሚሸሽበት ሌላ ማደሪያ አልነበረውም። መኝታው የጭቃ መደብ ወይም በጠፍር የተወጠረ የእንጨት አልጋ፣ ንጣፉ ጀንዲ፣ ልብሱ ጋቢ ነበር። ከእራት በኋላ የቤቱ ልጅ ውኃ አሙቆ የአባቱን እግር ያጥባል፤ አባትም ይመርቃል፤ እሳቱ ይዳፈናል፤ ትንኙን ለማባረር ጭስ ይጨሳል። ይህ ሁሉ ሰውነትንም ሆነ ልብን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጅ ሥርዓት ነበር። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት መኝታው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ማሽላው ሲያሽትና አውድማ ሲሰናዳ ደግሞ ጠባቂው ማሳው ላይ ያድራል። የማሽላው መድረሻ የሆኑት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ግን ወባ የሚበረታባቸውም ናቸው። ሰብሉን ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ለትንኟም የተጋለጠ ነበር።

ለሽማግሌ የተሰጠ ንቃት

በገበሬ ቤት ጡረታ የሚባል ሕግ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ሽማግሌው ሞፈርና ቀንበሩን ለልጁ ሲያስረክብ ከሥራ አይወጣም፤ ሥራው ከቀን ወደ ሌሊት ይዛወራል እንጂ። እንቅልፉ ቀላል በመሆኑ ከብቱ ሲደናበር የሚሰማው፣ ጅብ ሲጠጋ ውሻውን የሚያበረታታው፣ ዶሮ ሲጮህ ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። ቶሎ የሚነቃ ሽማግሌ ለቤቱ ጥበቃ እንጂ ሕመምተኛ አልነበረም።

ሃይማኖቱም ይህን ንቃት ስም ሰጥቶታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ንዋም፣ ማለትም የመኝታ ጸሎት ሲሆን፣ ቀጣዩ የመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ነው። በሁለቱ መካከል እንቅልፍ አለ፤ ከሁለተኛው በኋላም እንደገና ይተኛል። በራያ ቆላ ከክርስቲያኑ ጋር ተዋዶ የሚኖረው ሙስሊምም ከዒሻ ሶላት በኋላ ተኝቶ፣ ሌሊት ለተሃጁድ ተነሥቶ፣ በሱብሂ ቀኑን ይጀምራል። ሌሊቱን ከፍሎ መተኛት እንግዲህ ለሁለቱም የታወቀ ሥርዓት ነው።

የውጭው ዓለም ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ያነሡት ዘግይተው ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሮጀር ኤከርች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት የነበሩ አውሮፓውያን «የመጀመሪያ» እና «የሁለተኛ» እንቅልፍ የሚሉት ልማድ እንደነበራቸው አሳይቷል። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1992 ቶማስ ዌር ጤናማ ሰዎችን በየቀኑ ለ14 ሰዓት በጨለማ ውስጥ ባቆየ ጊዜ እንቅልፋቸው ለሁለት ተከፍሎ ታይቷል። ይሁንና ይህ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ ያለ ሕግ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በታንዛኒያ፣ በናሚቢያና በቦሊቪያ በሚኖሩ መብራት በሌላቸው ማኅበረሰቦች ላይ የታተመ ጥናት የተከፈለ እንቅልፍ አላገኘም። በታንዛኒያ ሀድዛዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለአረጋውያን ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ከ30 በላይ አዋቂዎች ለ20 ቀናት ያህል ሌሊት ሲታዩ፣ ሁሉም በአንድነት የተኙባቸው ጊዜያት ቢደመሩ 18 ደቂቃ ብቻ ሆኑ። የዕድሜ ልዩነት የመኝታና የመንቂያ ሰዓትን ስለሚለያይ፣ ሁልጊዜ አንድ ነቂ አለ። የራያ ገበሬ ቤት በልምድ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ግድግዳውና አልጋው

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቆቦ ሌሊት የመንግሥትና የሳይንስ ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወባ መቆጣጠሪያ ሙከራ ከተካሄደባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ የቆቦ-ጨርጨር ሜዳ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 1958) በአገሪቱ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰዎችን እንደያዘና 150,000 እንደገደለ ይገመታል፤ ከባድ ጉዳት የደረሰው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው፣ ሰው ከንዳድ አመልጥበታለሁ ብሎ በተማመነባቸው ቦታዎች ጭምር ነው። በማግሥቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ አገር አቀፍ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ።

የዲዲቲ ርጭት የተመሠረተው ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ በግድግዳ ላይ ታርፋለች በሚል ዕውቀት ነው። ስለዚህ ርጭቱ የሚጠብቀው በቤት ውስጥ የሚያድረውን ሰው ነው፤ በማሳ ወይም በደጅ የሚያድረው ሽማግሌ ከግድግዳው ጥበቃ ውጭ ቀረ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሪቱ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ በመድኃኒት የተነከሩ አጎበሮች ሲታደሉ ጥበቃው ከግድግዳው ወደ አልጋው ተሻገረ። አጎበርም ቢሆን የሚጠብቀው በሥሩ ያለውን ሰው ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ዋና የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ አራቢየንሲስ በቤትም በደጅም፣ ሰውንም ከብትንም የምትነክስ ስትሆን፣ ሰው ገና ሳይተኛ በምሽት መንከስ እንደምትጀምር በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። «በአጎበር ይተኛሉ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎን» ያለ አረጋዊ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ደጅ ከተቀመጠ፣ ወይም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ ከወጣ፣ መልሱ ግማሽ መልስ ነው።

ጡረታና መብራት

ጡረታ የሚለው ቃል በሕግ ወደ ቆቦ የገባው ከመንግሥት ሥራ ጋር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 345/1995 የጡረታ መውጫ ዕድሜን 60 ዓመት አደረገ፤ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞችን የጡረታ ተጠቃሚ አደረገ። በዚህም መምህሩ፣ የጤና ረዳቱና ወታደሩ በአንድ ቀን ከሥራ የሚሰናበቱ የመጀመሪያዎቹ አረጋውያን ሆኑ።

የገበሬው ሽማግሌ ሥራ ከቀን ወደ ሌሊት ሲዛወር የጡረተኛው ሥራ ግን ቀንም ሌሊትም ይቋረጣል። ለምሳሌ ለ35 ዓመታት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ወደ ክፍል የገባ መምህር ጡረታ ሲወጣ፣ የሚነሣበት ምክንያት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ያንቀላፋል፤ አመሻሽ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት እንደገና ያሸልባል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልጋው ላይ ይወጣል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነቃል። የሚጠብቀው ከብት፣ የሚያነቃው ቤተሰብ ስለሌለ ጣሪያ እያየ ይነጋለታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ግን 7 ሰዓት ነው። ዕድሜው 65 ለሞላው ሰው ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ በቂ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የባለሙያዎች ምክር ያመለክታል። የቀኑ ሁለት ሰዓት ሲጨመርበት መምህሩ እንቅልፍ አልጎደለውም፤ የጎደለው የንቃቱ ሥራ ነው።

ክኒኑ

ዳያዜፓም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን ብዙም ሳይቆይ በዓለም በብዛት ከሚታዘዙ መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። በአረጋዊ አካል ውስጥ ያለው ጠባይ ግን የተለየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጥናት እንዳሳየው መድኃኒቱ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ በ20 ዓመት ወጣት 20 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ በ80 ዓመት አዛውንት ወደ 90 ሰዓት ይደርሳል። ዛሬ የተዋጠው ገና ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል። በጨለማ ለጸሎት ወይም ለሽንት የሚነሣ ሽማግሌ ወድቆ ዳሌውን ሊሰበር፣ አእምሮውም ሊደናገር ይችላል። ማርክ ቢርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ለአረጋውያን ተገቢ ያልሆኑ መድኃኒቶችን ሲዘረዝሩ ይህን መድኃኒት ያካተቱት በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን ሳይሆን የልማድና የአስተሳሰብ ሕክምና እንዲሆን መክሯል። ለረጅም ጊዜ ሲወስደው የኖረን ሰው ግን መድኃኒቱን በድንገት ማስቆም አደጋ አለው፤ ቀስ በቀስ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሌሊት የሚያመጣው ትዝታ

የአረጋዊ ንቃት ሁሉ ልማድ ነው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በራያ ቆላ የተወለደ ሰው በልጅነቱ የወባውን ወረርሽኝ፣ በወጣትነቱ የ1965 እና የ1966ቱን የወሎ ረሃብ፣ በጎልማሳነቱ ከሜዳው በላይ ያለችውን ኮረምን የተራቡ ሰዎች መጠለያ ያደረጋትን የ1977ቱን ረሃብ አይቷል። በስተርጅናውም ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ቆቦን ደጋግሞ ነክቷታል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚቀሰቅሰው ዶሮ ላይሆን ይችላል። ልጁን የቀበረ አባት፣ በተኩስ ድምፅ የሸሸች እናት ሌሊት ሲነቁ የሚያገኙት ጸሎት ብቻ አይደለም። ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ከእንቅልፍ ማጣቱ ጋር ከተገኙ ጉዳዩ ድባቴ ወይም የጭንቀት ጠባሳ መሆኑን መመርመር ግዴታ ነው።

ምን ይጠየቅ?

ሐኪሙም ሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጥቂት ደቂቃ ወስደው «አባባ፣ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ስንት ሰዓት ይነቃሉ? ሲነቁ ምን ያደርጋሉ? ቀን ይደክምዎታል?» ብለው ቢጠይቁ አብዛኛው መንገድ ይገለጣል። ቀን ንቁና ብርቱ የሆነ አረጋዊ ሌሊት መንቃቱ በሽታ አይደለም። ችግሩ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወራት ሲዘልቅና ቀኑን ሲያበላሽ ግን ሕመም ነው።

ከዚያ በፊት ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ለሽንት ደጋግሞ የሚነሣው የፕሮስቴት ዕጢ ወይም የስኳር በሽታ ይኖረው እንደሆነ፣ ትንፋሽ አጥሮት ተነሥቶ የሚቀመጠው የልብ ድካም ይኖረው እንደሆነ፣ በኃይል የሚያንኮራፋው በእንቅልፉ ትንፋሹ ይቋረጥ እንደሆነ ይታይ። የሚያሸና መድኃኒት ማታ የሚወስድ ካለ ወደ ጠዋት መዛወር ይችላል። ቡናና ጫት ከቀትር በኋላ እንዲቀሩ፣ የቀን እንቅልፍ እንዲያጥር፣ የመኝታ ሰዓት እንዲዘገይ፣ የመነሻ ሰዓት እንዳይለዋወጥ፣ የጠዋት ፀሐይ እንዳይቀር መምከር ከክኒን ይቀድማል። ለጸሎት የሚነሣው የሚሄድበት መንገድ መብራት ያለውና ዕንቅፋት የሌለው ይሁን፤ በወባ ወራት ደግሞ ጸሎቱን በተቻለ መጠን በአጎበሩ ሥር ያድርስ።

ንቃቱን ለማጥፋት ከመቸኮል ይልቅ ሥራ ማግኘቱ ይሻላል። የልጅ ልጆቹን ለትምህርት የሚቀሰቅስ፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሳለም፣ ፀሐይ ሳይከር ጓሮውን የሚያጠጣ ጡረተኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መንቃቱን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። የቀድሞው ገበሬ ሽማግሌ ያለ ሐኪም ያገኘው መድኃኒት ይህ ነበር። ባለሙያው ከማዘዣ ወረቀቱ በፊት «እንዴት አደሩ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከጠየቀም በኋላ መልሱን እስከ መጨረሻው ይስማ።