ፈቃድ ያለው እሳት

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2007 አትላንታ በጭስ ታፈነች (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጭሱ የመጣው ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ካሉት ከኦኮኒ ብሔራዊ ደንና ከፒድሞንት የዱር እንስሳት መጠለያ ነበር። ሰደድ እሳት ግን አልነበረም። ደን እንዲጠብቁ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አስበውና ተዘጋጅተው የለኮሱት እሳት ነው፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ ከተማ መለሰባቸው እንጂ።

ደን ጠባቂ ደን አቃጠለ ሲባል እኛን ግር ይለናል። ጆርጂያ ውስጥ ግን ነገሩ ከግዛቲቱ ይቀድማል። ከቻተሁቺ ወንዝ በስተ ምሥራቅ፣ ዛሬ አትላንታ የተዘረጋችበት መሬት የመስኮጊ ሕዝብ ነበር። የደኑን ሥር ቁጥቋጦ በየጊዜው ያቃጥሉ ነበር፦ ለአደን፣ ለመንገድ፣ ለአዲስ ሣር። ይህን አካባቢ በ1821 ውል አጡ፤ በ1836 ደግሞ ወደ ዛሬው ኦክላሆማ ተጋዙ። የማቃጠሉን ልማድ ግን ነጭ ሰፋሪዎችና ጥቁር ገበሬዎች ቀጠሉበት።

ይህን እሳት አጥብቆ የሚፈልገው ሎንግሊፍ የሚባለው ጥድ ነው። ዘሩ የሚበቅለው ቅጠላ ቅጠሉ ተቃጥሎ በተገለጠ አፈር ላይ ነው። ችግኙ የመጀመሪያ ዓመታቱን ሣር መስሎ ያሳልፋል፤ እሳት ሲያልፍበት ረጃጅም ቅጠሎቹ ይቃጠሉና እምቡጡ ይተርፋል። በአሜሪካ ደቡብ 90 ሚሊዮን ኤከር ይሸፍን የነበረው ይህ ደን ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። መጥረቢያውና የጥጥ እርሻው ድርሻቸው ትልቅ ነው፤ የእሳት ክልከላውም አለበት።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲኒማ የጫኑ መኪኖች በደቡብ ገጠር እየዞሩ እሳት ጠላት መሆኑን ይሰብኩ ነበር። በዚያው ዘመን ኸርበርት ስቶዳርድ የሚባል ተመራማሪ ቶማስቪል አካባቢ የድርጭት ቁጥር ለምን እንደቀነሰ እንዲያጠና በ1924 ተላከ። ያገኘው መልስ የአካባቢው ሰው ሲሠራበት የኖረው ነው፦ ድርጭት የተቃጠለ ደን ትወዳለች። መጽሐፉ በ1931 ሲወጣ ስለ እሳት የሚናገረው ክፍል የደን ባለሥልጣናትን ላለማስቆጣት ለስልሶ ነበር። ገበሬው ያለው ነገር ስድብ ሲሆን ሳይንቲስት ያለው ደግሞ ድርድር ይሆናል! ጆርጂያ በሕግ ማቃጠልን የባለ መሬት መብት ያደረገችው በ1992 ነው። ዛሬ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ በፈቃድ ይነዳል።

ይህን ሳነብ የሚታወሰኝ ቦረና ነው። አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬቱን በሽማግሌዎች ውሳኔ ያቃጥል ነበር፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ከለከለ። ቁጥቋጦው ሜዳውን ወረሰው፣ ሣሩ ሳሳ፣ ከብቱ መሰማሪያ አጣ። ክፋቱ ደግሞ ክልከላው ቢነሳም ነገሩ ቶሎ አለመመለሱ ነው፦ እሳት የሚሮጠው በደረቅ ሣር ላይ ነው፤ ከቁጥቋጦ ሥር ያ ሣር የለም።

እንዲህ ሲባል ግን ክብሪት ይዞ ወደ ማንኛውም ደን ይገባል ማለት አይደለም። በ2000 በባሌና በቦረና ደኖች የተነሳው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ በልቷል። የሐረና እርጥብ ደን እንደ ሎንግሊፍ ከእሳት ጋር አላደገም፤ አንዱን በሌላው መለካት ትልቅ ጥፋት ነው።

ጭሱስ? በአትላንታና በዙሪያዋ ባሉ አውራጃዎች ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በሜዳ ላይ ማቃጠል ክልክል ነው፤ የበጋው አየር ራሱ ከባድ ነውና። ስለዚህ አብዛኛው እሳት የሚለኮሰው በክረምቱ ማብቂያ ነው። ሕጉ ዛሬ እንደሚለው በደንቡ መሠረት ያቃጠለ ሰው ከባድ ቸልተኝነት ካልተረጋገጠበት በቀር ለእሳቱም ሆነ ለጭሱ ተጠያቂ አይደለም። በ2007 ከተማ ውስጥ ሆኖ ያንን ጭስ የተነፈሰው አስም ያለበት ሰው ግን ያንን መሬት አይቶት እንኳ አያውቅ ይሆናል፤ ከእሳቱ በፊትም ማንም አልጠየቀውም።