የጀርባ አጥንት ነቀርሳ ታሪክ፤ ከአንኮበር እስከ ጥቁር አንበሳ

ነቀርሳ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት በሽታ ይሸከማል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል በባክቴሪያ የሚመጣውን፣ ቲቢ የሚባለውን ማለታችን ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ብለን የተውነው እንደ ሆነ ግን ዛሬ ብዙው ሰው ካንሰርን ያስባል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ቃሉን የተማርነው በመጀመሪያው ትርጕም ስለ ነበር፣ ኮሌጅ ገብተን በሁለተኛው ስንሰማው ጥቂት ተደናግረናል። ይህን ያነሣነው ስለ ቃል ለመከራከር አይደለም። በጀርባ አጥንት ላይ ሲሆን የቃሉ መደባለቅ የሕመሙም መደባለቅ ስለ ሆነ ነው። ሁለቱም አከርካሪውን ይበላሉ፤ ሁለቱም በጀርባ ሕመም ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ሕብለ ሰረሰርን ተጭነው እግርን ሽባ ያደርጋሉ። ሕክምናቸው ግን እጅግ ይራራቃል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጀርባ ጎብጦ እግር የሚሰንፍበትን ሕመም በ1779 አስተካክሎ የጻፈው እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት ነው፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ምክንያቱ የሆነውን ባክቴሪያ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1882 እስኪያሳውቅ ድረስ ግን አንድ መቶ ዓመት አልፏል።

በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል ወደ ሸዋ እንምጣ። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር። አንድ ዐይናቸው በሕመም የጠፋ ነበርና የውጭ አገር መድኃኒት ይወዱ እንደ ነበር የጎበኟቸው ሰዎች ጽፈዋል። በ1841 የእንግሊዝ መልክተኛ ሻምበል ሐሪስ ወደ ንጉሡ ሲመጣ ሩፐርት ኪርክ የሚባል ሐኪም ከጓዙ ጋር ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ራጅ የለም፤ ሕመምተኛን አስተኝቶ የሚቀደድበት ኤተርም በዓለም ፊት የታየው በ1846 ነው። ስለዚህ ሽባ የሆነ ሰው በቃሬዛ ቢያመጡለት ኖሮ፣ ኪርክ ከአገሬው ወጌሻ የሚበልጥ ነገር አልነበረውም ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከዚህ በኋላ ልት ማረፊያ ትመጣለች። ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ያለችውን ይህችን ቦታ በ1876 ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰጡ። የጣቢያው መሪ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞተ፤ ኮኽም ግኝቱን ያሳወቀው በዚሁ ዓመት ነው። ከእርሱ በኋላ ጣቢያውን የያዙት ራጋዚና ትራቬርሲ ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ።

እነርሱ በሸዋ ሳሉ ነው በሎንዶን ትልቁ ነገር የተደረገው። አንድ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ለሦስት ዓመት ያህል በጀርባው ሕመም ሲሠቃይ ቈይቶ በመጨረሻ ሁለት እግሮቹ ሰነፉ። ሐኪሙ ዊልያም ጋወርስ መርምሮ፣ በሕብለ ሰረሰሩ ላይ የተጫነ እጢ አለ፣ ቦታውም ይህ ነው ብሎ ወሰነ። በሰኔ 1887 ቪክቶር ሆርስሊ ጀርባውን ከፈተ፤ በመጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ወደ ላይ አንድ አጥንት ጨምሮ ሲያነሣ እጢው ተገኘ፤ ወጣም። ሰውየው ቀስ በቀስ ዳነና በእግሩ ሄደ። በዓለም ላይ የሕብለ ሰረሰር እጢ በምርመራ ታውቆ በደኅና ሲወጣ የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል።

የቀረውን በአጭሩ እናልፋለን። ራጅ በ1895 ተገኘ፤ በ1921 ሲካርና ፎሬስቲዬ የተባሉ ፈረንሳውያን በጀርባ ቦይ ውስጥ ዘይት አፍስሰው የተዘጋውን ስፍራ በራጅ አዩ። በ1940 አሜሪካዊው ባትሰን የአከርካሪ ደም ሥሮች መመለሻ በር እንደሌላቸው አሳየ፤ የፕሮስቴትና የጡት ካንሰር ወደ ጀርባ አጥንት የሚሻገርበት አንዱ መንገድም በዚሁ ተገለጠ። ከአጥንቱ ከራሱ ከሚነሣው ይልቅ ከሌላ አካል መጥቶ የሚያርፍበት ካንሰር እጅግ ይበዛልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1997 ነው፤ ለብዙ ዓመታትም በአገሩ ሌላ አልነበረም። የአንጐልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ2006 በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ርዳታ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ።

አሁን ለሰሜን ሸዋ ሰው ወደሚጠቅመው ጥናት እንሂድ። በ2005 ፓቸል የተባለ አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር ያወጣው ጥናት፣ ካንሰር ሕብለ ሰረሰራቸውን የተጫናቸውን 101 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ተመለከተ። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካገኙት 50 ሰዎች 42ቱ ከሕክምናው በኋላ መራመድ ቻሉ፤ ጨረር ብቻ ካገኙት 51 ግን 29ኙ ብቻ። መራመድ አቅቷቸው ከገቡት ደግሞ በመጀመሪያው ወገን ከ16 ሰው 10፣ በሁለተኛው ከ16 ሰው 3 ተነሥተው ሄዱ። ነገር ግን ፈጽሞ ሽባ ከሆነ 48 ሰዓት ያለፈው ሰው ወደ ጥናቱ አልገባም ነበር።

እዚህ ላይ ቈም ብለን መንገዱን እንለካ። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአንኮበር በታች ያለው የቆላ ሰው ግን አስቀድሞ ገደሉን መውጣት አለበት። አስቀድሞም ወጌሻ ጀርባውን አሽቶት፣ ጠበልም ሰንብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠበሉን አንነቅፍም፣ በካንሰር የተበላ አከርካሪን ማሸት ግን አደገኛ ነው። 48ቱ ሰዓት በእንዲህ ያለ ጕዞ ውስጥ ያልቃል።

በ2019 የወጣው የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ጥናት ስለዚህ ልባችንን ስቦታል። 686 ሕመምተኞች ነበሩበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጨረር ካገኙት በ8ኛው ሳምንት 69.3 ከመቶ፣ በአምስት ቀን ከፋፍለው ካገኙት 72.7 ከመቶ ይራመዱ ነበር። ጥናቱ አስቀድሞ ባወጣው ጥብቅ መለኪያ አንዱ ከአምስቱ አያንስም ለማለት አልበቃም፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። በአዲስ አበባ ዘመድ ለሌለው የመንዝ ገበሬ አንድ ቀንና አምስት ቀን እኩል አይደሉም፤ ስለዚህ እኛ አንዱን እንመርጣለን።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም የተጠራው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ሐኪሞችን ያስተምራል። ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ይዟት የመጣችን ሴት ጡቷን መመርመር፣ የእግሯን ጕልበት መፈተን፣ ሽንት መቋጠር አቅቷት እንደ ሆነ መጠየቅ ታላቅ መሣሪያ አይፈልግም። ጋወርስም በ1887 የእጢውን ቦታ ሲወስን ራጅ ገና አልተገኘም ነበር፤ በእጁ የነበረው የምርመራ ዕውቀቱ ብቻ ነው።