ያረጀ ዋንዛና ዋጋው

የአንድ አገር የጥበብ ታሪክ በብራናና በድንጋይ ላይ ብቻ አይገኝም፤ ጢስ ባጠቆረው ምሰሶና እጅ ባለሰለሰው መዝጊያ ላይም ተጽፎ ይገኛል። ይህን የሚያነብ ዐይን በሌለበት ግን ያረጀ እንጨት ማገዶ ይባላል፤ በማገዶም ዋጋ ይሸጣል።

በይርጋጨፌና በመላው ጌዴኦ ዋንዛ ጥላውን ዘርግቶ፣ ከሥሩ ቡናና እንሰት አቅፎ የኖረ ዛፍ ነው። ዛፍን ከማሳ ሳያጠፉ የማልማት ጥበብ የሚታይበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ዛፉን ያሳደገው ገበሬ ለረጅም ዘመን የመሬቱ ጌታ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ ለዐመፅ ያስነሣው የባለርስቶች ጫና ነበር፤ ጭሰኝነትም የተሻረው በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በእጁ ያላደረገውን ነገር ዋጋ የሚተምን የለም።

የባለሙያው ዕጣም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የእጅ ሥራ ያዋርድ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ሠሪው በተናቀበት ዘንድ እንጨቱም መናቁ አይቀሬ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ከፈረሰ ቤት የሚወጣ ምሰሶ እንደ ፍርስራሽ ሊታይ አይገባውም። እንጨትን በቶርኖ እያሽከረከረ በመሮ ለሚቀርጽ ሰው ዕድሜ ራሱ ሀብት ነውና። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በግንዱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ዳር ከሚኮማተረው ይበልጣል፤ ስለዚህ ክብ ሆኖ የተሠራው ሳህን ሞላላ ይሆናል፣ ይሰነጠቃልም። በጣሪያ ሥር ዘመናትን ያሳለፈ ዋንዛ ይህን ፈተና በአብዛኛው አልፎታል።

እንግዲህ ዋጋው በሸክም አይተመንም። ወርዱና ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ምሰሶ 0.08 ሜትር ኩብ ይሆናል። ነቀዝ የበላው የዳር እንጨትና የተሰነጠቀው ጫፍ ሩቡን ቢወስዱ ለመሮው የሚተርፈው 0.06 ነው፤ ዋጋ የሚቆረጠውም ለዚሁ ነው። ጥቂት ተልጎ የልቡ ቡናማ ቀለም ይታይ፤ ምስማሩም ተፈልጎ ይነቀል፤ የተደበቀ ምስማር የመሮን ስለት ይሰብራል፣ የሠራተኛውንም ዐይን ያሰጋል። ጉድለቱን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ ከገንዘቡ ጥቂት ቢያጣ እምነትን ያተርፋል።

ነገር ግን የዋጋ መናር የራሱ አደጋ አለው። ትናንት የተቆረጠ ዋንዛ በአሮጌ ስም ሊሸጥ፣ ገና ያልዘመመ ቤትም ለመዝጊያው ሲባል ሊፈርስ ይችላል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ አራዊት የተቀረጹባቸው ሰሌዳዎች ለዘመናት የቆዩት በእንጨትነታቸው ስላልተተመኑ ነው። እንዲህ ያለውን ቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠብቀዋል። የቀረውንም ቢሆን ገዢው «ከየትኛው ቤት ወጣ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይግዛ።

የእጅ ሥራ መምህራን ተማሪውን መሮ ከማስያዛቸው በፊት እንጨት መለየትን ያስተምሩት። ያረጀው ምሰሶ ተገቢ ዋጋውን ባገኘ መጠን፣ በይርጋጨፌ ቡና ላይ ጥላውን የዘረጋው ዋንዛ ከመጥረቢያ ይርቃል።