በአሸዋ የተያዘ መኪና የሚያነሳው የአየር ክሪክ

በአየር የሚነፋ ክሪክ በአሸዋ፣ በጭቃ ወይም በዐረብኛ «ሰብኻ» በሚባለው የጨው ረግረግ ተይዞ በሆዱ የተኛን መኪና ለማንሳት የሚያገለግል፣ አየር በማያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ የተሠራ ከረጢት ነው። ከሊዋ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሩብ አል-ኻሊ በረሃ ለሥራም ሆነ ለሽርሽር የሚጓዙ አሽከርካሪዎች ከአካፋና ከመጎተቻ ገመድ ጋር አጣጥፈው ይይዙታል።

የተለመደው የብረት ክሪክ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የማይሰምጥ መሬትና ከመኪናው ሥር የሚገባበት ክፍተት። በሆዱ በተኛ መኪና ሥር ሁለቱም የሉም። ክሪኩ የሚቆምበት ብረት ከመዳፍ ብዙም ስለማይሰፋ፣ መኪናው በመነሳት ፈንታ ክሪኩ ራሱ ወደ አሸዋው ይወርዳል።

የአየር ክሪክ ጉልበት የሚመነጨው ከግፊቱ ብርታት ይልቅ ከስፋቱ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ከረጢት 2,800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ገጽ አለው። በግማሽ ባር ቢነፋ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ቢገፋ፣ 1,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማል። ይህ ግፊት በአስፋልት ላይ ከሚሄድ የመኪና ጎማ ግፊት እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም የትልቅ መኪናን አንድ ጎን ለማንሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ከረጢቱ ጠፍጣፋ ሳለ ነው። እንደ ኳስ እየተድቦለቦለ ሲሄድ መኪናውን የሚነካው ገጽ ይጠባል፤ አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ከጎማው ሥር አሸዋ ለመሙላትና ሰሌዳ ለማስገባት ከሚያስፈልገው በላይ ማንሳት ጥቅም የለውም።

ከረጢቱ በኮምፕሬሰር ወይም ከመኪናው በሚወጣው ጭስ ይነፋል። በጭስ ሲነፋ የቱቦው ጫፍ በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ተጭኖ ይያዛል፤ ሞተሩም ይሠራል። ጭስ ማውጫው ሁለት አፍ ካለው ሌላው መደፈን አለበት፤ ማርሚታው የተበሳ ከሆነ ደግሞ ጭሱ በቀዳዳው እየወጣ ከረጢቱ አይሞላም። ሹል ብረትና የጋለ ቱቦ ከረጢቱን ስለሚጎዱት ከላይና ከታች ወፍራም ምንጣፍ ይደረግለታል።

ዋናው አደጋ የሚመጣው መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው። ከረጢት እንደ ብረት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ሊንሸራተት፣ ሊፈነዳ ወይም ቀስ በቀስ ሊተነፍስ ይችላል። በእርሱ ከተያዘ መኪና ሥር ጭንቅላትን ቀርቶ እጅን እንኳ ማስገባት አይገባም። አሸዋው የሚሞላው በረጅም አካፋ ነው፤ ሰሌዳውም ከጎን እየተገፋ ይገባል። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከመኪናው በታች በኩል ማንም መቆም የለበትም፤ ተሳፋሪዎችም አስቀድመው ይወርዳሉ።

ሁለተኛው አደጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ከረጢቱ ሲተነፍስ በውስጡ የነበረው ጭስ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል መቆም ያሻል። ከክሪኩ ጋር ባይያያዝም ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ፦ የተያዘ መኪና ጭስ ማውጫው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱን ሽሽት ሞተሩን ሳያጠፉ፣ መስኮት ዘግተው በመኪናው ውስጥ የሚጠብቁ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሊመረዙ ይችላሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጭስ ማውጫው ዙሪያ ተቆፍሮ ይጸዳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ መኪኖች ይህ ክሪክ ሳያስፈልጋቸው ይወጣሉ። የጎማውን አየር ወደ 1 ባር ገደማ ዝቅ ማድረግና ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዱ ሥር ያለውን አሸዋ መጥረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ነዳጅ እየረገጡ ጎማ ማሽከርከር ግን መኪናውን ይበልጥ ይቀብረዋል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተሳካ ውሃ ይዞ በመኪናው ጥላ ሥር መቆየትና እርዳታ መጥራት ይሻላል፤ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የፖሊስ ቁጥር 999 ነው።

ከአገልግሎት በኋላ ከረጢቱ ከአሸዋ ይራገፋል፤ ሰብኻ ነክቶት ከሆነ ጨው በሌለው ውሃ ይታጠባል፤ ደርቆም ከፀሐይ ርቆ ይቀመጣል። ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት በግቢ ውስጥ አንዴ ነፍቶ ቀዳዳ እንዳለው ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።