የብርሃን ብሌን፦ «ዙሙ ስንት ነው?» ከማለት በፊት

የርቀት መነጽር ሊገዛ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የደምበል የገበያ ማዕከል ጎራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዙሙ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚመልሰውን ልክ የዘርፉ ሰዎች «ኤግዚት ፒዩፒል» ይሉታል። በአማርኛ «የብርሃን ብሌን» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። «መውጫ ብሌን» ማለትም ይቻላል፤ ግን ምን እንደሚወጣ አይናገርም።

ምንነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። መነጽሩን ክንድዎን ዘርግተው ከፊትዎ ያርቁትና ወደ ብሩህ ሰማይ ያዙሩት፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም አይሁን። ዓይን በሚያርፍበት ሌንስ መሃል ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል። የብርሃን ብሌን የምንለው ይህንን ክብ ነው። ስፋቱን ለማወቅ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ለማጉያው ቁጥር ይካፈላል። 8×42 (8 ማጉያው፣ 42 የሌንሱ ስፋት) የተጻፈበት መነጽር 5.25 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ 10×42 ደግሞ 4.2።

የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ከመነጽሩ የሚወጣው ክብ ከዓይናችን ብሌን ካነሰ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ዓይንም ትንሽ ከቦታዋ ፈቀቅ ስትል ሁሉ ነገር ይጠቁራል። ስለዚህ በርካሽ መነጽር ላይ ትልቅ ቁጥር ሲያዩ አይቸኩሉ። ማስመሪያ አውጥተው የፊተኛውን ሌንስ ይለኩ። 30×60 ተብሎ ሌንሱ 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከሁለቱ ቁጥሮች ቢያንስ አንዱ ሐሰት ነው።

የማጉያ ምርጫ በጣም የሚያከራክረው የጠመንጃ መነጽር ላይ ነው። በአሜሪካ ሜዳዎች ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ ትናንሽ አይጠ መጎጥ መሰል እንስሳትን ከመቶዎች ሜትሮች ርቀት የሚያድኑ ሰዎች ከ6 እስከ 24 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር ይወዳሉ። ዒላማው ትንሽ ስለሆነ ፍላጎታቸው ይገባል። ሆኖም ማጉያው 6 ላይ ሲሆን የብርሃን ብሌኑ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ 24 ላይ ሲደርስ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል። የሚታየው ሜዳም ይጠባል፤ በ100 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቦታ ቢታይ ነው። እንስሳው ዞር ቢል ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። (የጠመንጃ መነጽርን አካባቢ ለመቃኘት መጠቀም ደግሞ አፈሙዝን ባላወቁት ሰው ላይ ማነጣጠር ነው። ለመቃኘት የእጅ መነጽር አለ።)

በእኛ አገር ተመሳሳዩ ፈተና ያለው ባሌ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ በሚሆነው የሳነቴ አምባ ላይ ከባሌ ውጭ የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ጭንቅላቱን ብቻ ከጉድጓዱ ያወጣል፤ አፈርና ሣር እየገፋ ጥቂት ይቆይና ይሰወራል። ቀይ ቀበሮ የምታደባው እሱን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ስለሚገመት ፍልፈሉን እንደ ተባይ ማየት ስሕተት ነው፤ የቀበሮዋ ቀለብ ነው። በሕጉ መሠረት የዱር እንስሳ ማደን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። እዚያ የሚያስፈልገን ለማየት ብቻ የሚሆን መነጽር ነው።

ማጉያ በጨመረ ቁጥር ሌላ ጠላት ይመጣል፤ እሱም ሙቀት ነው። ከደምበል ፎቅ ላይ፣ ሕንፃ ካልጋረደ፣ እንጦጦ ተራራ ላይ ያለችው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። 8 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ ያለች ትመስላለች፤ በ24 ደግሞ ከ400 ሜትር ባነሰ ርቀት። እኩለ ቀን ላይ ግን ከአስፋልቱና ከቆርቆሮው የሚነሳው ትኩስ አየር የተራራውን ጠርዝ ያርገበግበዋል፤ ማጉያው ያንኑ መርገብገብ አብሮ ያጎላዋል። ዝናብ አባርቶ አየሩ ሲጠራ በዚያው መነጽር የተራራውን ባሕር ዛፎች ለይቶ ማየት ይቻላል። ሳነቴም ላይ ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ይኸው ይደርሳል። ልምድ ያለው ተመልካች ያን ጊዜ ማጉያውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ይህን ከተማ ውስጥ መሞከር ለሚፈልግ፣ ካዛንቺስና መስቀል አደባባይ አካባቢ በመነጽር መቃኘት የጥበቃ ሠራተኞችን ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድሞ ማስፈቀድ ይሻላል፤ እንጦጦ ፓርክ ወጥቶ መሞከር ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።

እኔ ለባሌ ተጓዥ የምመርጠው 8×42 ነው። የንጋትና የምሽት ብርሃን ይበቃዋል፤ በእጅ ሲያዝም ብዙ አይንቀጠቀጥም። ከ10 በላይ የሚያጎላ ከሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ ምስሉን ስለሚያበላሸው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ የግድ ነው። የማየት ችግር ኖሮት መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቅ፤ ዓይን ከኋለኛው ሌንስ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ርቃም ሙሉውን ምስል የምታይ ከሆነ የርቀት መነጽሩን ይግዛው፤ አለበለዚያ የብርሃን ብሌኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ የሜዳው ጠርዝ ይቆረጥበታል።