ከጎንደር እስከ አክሱም፦ የእግር፣ የመኪናና የአየር ርቀት

ጎንደርና አክሱም በከፍታ እኩያ ናቸው፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተመሥርተዋል። በቀጥታ መስመር ቢለካ በመካከላቸው ያለው ርቀት 215 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም በመስመሩ ሥር የስሜን ገደል ቆሟል፤ ከገደሉ ባሻገር ደግሞ ተከዜ ከ1,000 ሜትር በታች ወርዶ ይፈስሳል። ስለዚህም በደባርቅ፣ በሊማሊሞና በሽሬ የሚዞረው የመኪና መንገድ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ጉዞው ግን ከመንገዱ ይቀድማል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ ሥልጣን በአንደኛው ከተማ፣ የጥንቱ የዘውድ ክብር በሌላው ተቀመጠ። ሁለቱን ያገናኝ የነበረው የበቅሎ እግር ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. መስከረም ምጽዋ ደርሶ፣ በኅዳር ወደ ደጋ ጉዞ ጀመረ፤ በአድዋና በአክሱም አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት ነበር። ከጓዙ መካከል የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ከባድ መሣሪያ ይገኝ ነበር። የቦታዎችን አቀማመጥ በቁጥር ለማስፈር የሚሻ ሰው፣ መለኪያውን ራሱን በሰው ትከሻ ማሻገር ግድ ሆኖበታል።

የሊማሊሞ ገደል ለመኪና የተጠረበው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለወራሪ ጦር መመላለሻ ታስቦ የተሠራው መንገድ ከነጻነት በኋላ የነጋዴው፣ የተማሪውና የበሽተኛው መተላለፊያ ሆነ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአሥመራና በካይሮ መካከል በረራ ሲጀምር ለሰሜኑ ጉዞ አዲስ ልኬት መጣ። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚበር የዳኮታ አውሮፕላን፣ ነፋስ ባይኖር፣ ከጎንደር አክሱም ያለው ርቀት የ48 ደቂቃ መንገድ ነው፤ የመነሻውና የማረፊያው ጊዜ ሲታከልበት አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው። የሲራራ ነጋዴ ሳምንታት የሚፈጅበት ጉዞ፣ ለአብራሪው ከቁርስ እስከ ምሳ እንኳ አልሞላም።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት አንድ ነገር ይዘነጋል፤ እርሱም ሰላም ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአክሱም በረራ ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ፤ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያም ተጎዳ። በረራ ወደ አክሱም የተመለሰው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ተራራው ከፍ፣ ወንዙም ጠለቅ አላለም፤ በካርታው ላይ የሰፈረው 215 ኪሎ ሜትርም አልተለወጠም። ሆኖም ለቤተ ዘመድ፣ ለነጋዴና ለመንፈሳዊ ተጓዥ፣ ሁለቱ ከተሞች ከብሩስ ዘመን ይልቅ ተራርቀው ነበር።

እንግዲህ የሁለት ከተሞች ርቀት በኪሎ ሜትርና በደቂቃ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም። ድልድዩን የሚጠብቅ፣ ማረፊያውን የሚጠግን፣ መንገዱንም ክፍት የሚያደርግ ሰው ሲኖር ብቻ ቁጥሩ እውነት ይሆናል።