በመድረክ ላይ የሚደረስ ዜማ፤ ስለ ጃዝ ሙዚቀኞች ብልሃት

ስለ ጃዝ ሙዚቃ ሲነገር ሁለት አሳቦች ብዙ ጊዜ አብረው ይሰማሉ። አንደኛው፣ ሙዚቀኛው በመድረክ ላይ ቆሞ የሚጫወተው በዚያች ሰዓት ወደ አሳቡ የመጣለትን ሁሉ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ችሎታ ከጥቁር አሜሪካዊ ጋር አብሮ የተወለደ ስለ ሆነ ትምህርትም ድካምም አይጠይቅም የሚል ነው። ሁለተኛው አሳብ ለጊዜው ምስጋና ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን ምስጋና ሳይሆን ንጥቂያ ነው፤ ሰው ሌሊትና ቀን ደክሞ ያፈራውን ዕውቀት ከእጁ ወስዶ ለተፈጥሮ ይሰጣልና። በዚህ ጽሑፍ የጃዝ ሙዚቀኞች በሕዝብ ፊት ወዲያው የሚደርሱት ዜማ ምን ያህል የትምህርትና የልምምድ ፍሬ እንደ ሆነ ከታሪኩ ጥቂት እያነሣን ለማሳየት አስበናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይህን አሳብ ያስፋፉት የጃዝ ጠላቶች ብቻ አይደሉም፤ ወዳጆቹም ናቸው። ፈረንሳዊው ሐያሲ ኡግ ፓናሲዬ ስለ ጃዝ ቀድመው መጽሐፍ ከጻፉት አውሮፓውያን አንዱ ነው፤ ለሙዚቃው የነበረውም ፍቅር አይጠረጠርም። ዳሩ ግን በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ብዙ ትምህርት የሙዚቀኛውን ስሜት ያደርቃል፣ ከሥልጣኔ የራቀ ሰው በሙዚቃ ረገድ ይበልጣል እስከ ማለት ደርሷል። (ፓናሲዬ ራሱ ብዙ ያነበበ ሰው መሆኑን ማስታወስ አይከፋም።) ከዚያ 23 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1919፣ የስዊሱ የኦርኬስትራ መሪ ኤርነስት አንሰርሜ በለንደን ሲድኒ ቤሼ የተባለውን ወጣት የክላሪኔት ተጫዋች ሰምቶ የአሳቡን ብዛትና የድፍረቱን ልክ ያደነቀበት ጽሑፍ ከዚህ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። አንሰርሜ የሰማውን እንደ ድርሰት መዘነው።

ለመመዘን ግን መለኪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። የጃዝ ሙዚቀኛ ባዶ ሜዳ ላይ አይሮጥም። ምቱ በአራት በአራት ሲቆጠር፣ አንዱን አራት አንድ ቤት ብለን እንጥራው። ብሉዝ የሚባለው ዜማ ዘወትር በ12 ቤት ይጠናቀቃል፤ ከቲያትር ቤት የመጡት ዘፈኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 32 ቤት አላቸው። በእያንዳንዱ ቤት ፒያኖውና ባሱ የሚመቱት ኅብረ ድምፅ የታወቀ ነው። 12ቱ ወይም 32ቱ ቤት ሲያልቅ ዙሩ ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ብቸኛው ተጫዋችም በዚያው ዙር ላይ፣ ኅብረ ድምፁ ሳይጠፋበትና ምቱ ሳያመልጠው፣ ከቀድሞው የተለየ ዜማ ይደርሳል። ባንዱ አይጠብቀውም። አንድ ቤት ቢስት ሌሎቹ አልፈውት ይሄዳሉ፤ አዋቂ አድማጭም ያን ጊዜ ያውቅበታል።

ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት መሆኑ የተወሰነ ነው፤ የዜማው ልክም የታወቀ ነው። ነገር ግን ትናንት የተባለው ቅኔ ዛሬ አዲስ ተብሎ አይደገምም፤ ባለቅኔውም ቆሞ ሲዘርፍ የሚሰሙት ሊቃውንት ሕጉን ከእርሱ ጋር አብረው ስለሚያውቁ፣ የት እንደ ተራቀቀና የት እንደ ተሰናከለ ይለያሉ። የሁለቱ ጥበብ ምንጭ አንድ ነው ለማለት ፈጽሞ አንደፍርም፤ የአሰማማቸው ነገር ግን ይመሳሰላል። የአዲስ ነገር ውበት የሚታወቀው የማይለወጠውን ነገር ለሚያውቅ ጆሮ ነው።

በ1922 በቺካጎ ከተማ በሊንከን ጋርደንስ የጭፈራ አዳራሽ ይሰማ የነበረውን እንመልከት። የባንዱ መሪ ጆ ኦሊቨር ከኒው ኦርሊንስ ወጣቱን ሉዊ አርምስትሮንግን አስመጥቶ ሁለቱም ኮርኔት ይነፉ ነበር። ባንዱ ለሁለት ቤት ያህል ጸጥ በሚልበት ቦታ ሁለቱ ባንድ አፍታ ገብተው፣ አንዱ ዜማውን ሌላው ተስማሚውን ሁለተኛ ድምፅ ይዞ፣ ምንም ሳይዛነፉ ይጫወቱ ነበር። ይህን ለመስማት ከከተማው ልዩ ልዩ ሰፈር ሙዚቀኞች እየመጡ፣ እንዴት ሊሆን ቻለ እያሉ ይደነቁ ነበር። አርምስትሮንግ ኋላ እንደ ተረከው፣ ባንዱ ገና በመጫወት ላይ ሳለ ኦሊቨር ወደ እርሱ ጠጋ ብሎ የሚመጣውን ዜማ በኮርኔቱ መክፈቻዎች ላይ በጣቱ ብቻ ያሳየው ነበር፤ አርምስትሮንግም ያን አይቶ ሁለተኛውን ድምፅ በልቡ ያዘጋጃል። እንግዲህ ምሥጢሩ ሲገለጥ ነገሩ ያንሳል ወይስ ይበልጣል? በእኛ አስተያየት ይበልጣል። ጣትን አይቶ ድምፅን መስማት፣ ከሰሙትም ላይ ሌላ ድምፅ መሥራት፣ ይህንም ሁሉ ጭፈራው ሳይቋረጥ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መፈጸም ተአምር ሳይሆን የሥልጠና ውጤት ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ ሊሸሽገው የማይገባ አንድ ማስረጃ አለ። አርምስትሮንግ «ኮርኔት ቾፕ ሱዊ» የተባለውን ዜማ በ1926 በሸክላ አስቀረጸ፤ የሰሙትም ሁሉ በቅጽበት የፈለቀ ነው ብለው ገመቱ። ነገር ግን ለባለቤትነት መብት በ1924 በኖታ ተጽፎ በዋሺንግተን የተመዘገበው ወረቀት ሲመረመር፣ በሸክላው ላይ የሚሰማው አብዛኛው ዜማ ከሁለት ዓመት በፊት ተደርሶ ያለቀ ሆኖ ተገኘ። ይህን ይዘው፣ እንግዲያውስ ወዲያው መድረስ የሚባለው ነገር ማታለያ ነው የሚሉ አይጠፉም። እኛ እንደዚያ አናየውም። ሙዚቀኛው አንድ ጊዜ ያገኘውን መልካም አሳብ ያኖራል፣ ይከረክማል፣ ከሌላው ጋር ያጋጥማል፤ ሲያስፈልገውም ያወጣዋል። ቋንቋ የሚናገር ሰው ቃላቱን በዚያች ሰዓት አይፈጥራቸውም፤ ንግግሩ ግን የራሱና የዚያች ሰዓት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ወረቀቱ ሁለተኛውን አሳብ ያፈርሰዋል፤ በደመ ነፍስ ይጫወታል የተባለው ሰው እቤቱ ተቀምጦ ኖታ ሲጽፍ ተገኝቷልና።

የቻርሊ ፓርከር ነገር ከዚህም የጠነከረ ነው። ፓርከር በ1936 ገና ልጅ ሳለ በካንሳስ ሲቲ ሬኖ ክለብ ከታላላቆቹ ጋር ሳክስፎን ሊነፋ ተነሣ፤ መካከል ላይም ዜማው ጠፋበት። ከበሮ መቺው ጆ ጆንስ ከከበሮው ጋር ያለውን የናስ ሳሕን አንሥቶ እግሩ ሥር ጣለበት፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። በሚቀጥለው ዓመት በጋ ፓርከር ወደ ኦዛርክ ተራሮች ከአንድ ባንድ ጋር ለሥራ ሲሄድ የሌስተር ያንግን ሸክላዎች ይዞ ሄደ፤ እያንዳንዱንም ዜማ በቃሉ እስኪይዝ ድረስ አጠና፤ ስለ ኅብረ ድምፅም ከባልደረቦቹ ተማረ። በ1954 በሬዲዮ ሲጠየቅ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ያህል በቀን ቢያንስ ከ11 እስከ 15 ሰዓት ይለማመድ እንደ ነበር ተናግሯል። በኅዳር 1945 «ኮኮ» የተባለውን ባስቀረጸ ጊዜ ምቱ በደቂቃ 300 ያህል ነበር፤ ሒሳቡን ብንሠራው አንዱ ቤት ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል ማለት ነው። መሠረቱ «ቼሮኪ» የተባለው የ64 ቤት ዘፈን ነው፤ መካከሉ ኅብረ ድምፁ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ስለሚዘል ብዙዎችን የሚያስቸግር ነው። በዚያ ፍጥነት አስቦ መወሰን አይቻልም። አስቀድሞ ታስቦ ወደ ጣት የወረደ ዕውቀት ያስፈልጋል።

ይህ ዕውቀት የሚፈተንበት ስፍራ ነበረው። በኒው ዮርክ በሐርለም ሰፈር በ118ኛው መንገድ የሚገኘው ሚንተንስ ፕሌይሐውስ ከ1940 ጀምሮ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚሰበሰቡበት ቤት ሆነ። የሙዚቀኞች ማኅበር አባሎቹ ያለ ክፍያ እንዳይጫወቱ ይከለክል ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ሄንሪ ሚንተን ግን ራሱ የማኅበሩ ተጠሪ የነበረ ሰው ስለ ሆነ በዚያ የሚጫወቱት ከቅጣቱ የተጠበቁ ነበሩ። በፒያኖው ቴሎኒየስ ሞንክ፣ በከበሮው ኬኒ ክላርክ ነበሩ። ሳይችል የሚደፍር ሰው ሲመጣ የታወቀውን ዘፈን ኅብረ ድምፅ ለውጠው፣ ወይም ባልተለመደ ቅኝት ጀምረው፣ ራሱ አፍሮ እንዲወርድ ያደርጉት ነበር። ጨካኝ ትምህርት ቤት ነበር፤ ትምህርት ቤት ግን ነበር። ጄሪ ኒውማን የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1941 የራሱን መቅረጫ ተሸክሞ እየገባ ባይቀርጽ ኖሮ፣ የጊታር ተጫዋቹ ቻርሊ ክርስቺያን በዚያ ቤት እንዴት ይጫወት እንደ ነበር ባላወቅን ነበር፤ ክርስቺያን በ1942 በሳንባ ነቀርሳ በ25 ዓመቱ ሞቷል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ማኅበሩ አባሎቹ ሸክላ እንዳይቀርጹ አገደ፤ እገዳውም በታላላቆቹ ኩባንያዎች ላይ እስከ ኅዳር 1944 ቆየ። ስለዚህ የአዲሱ ጃዝ ልደት አብዛኛው ሳይቀረጽ አለፈ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ዘመን የሚያውቁት በአብዛኛው በምስክሮች ቃል ነው።

የሠለጠነ እጅ በመድረክ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ይመስለናል። በየካቲት 1960 ኤላ ፊትዝጀራልድ በበርሊን በብዙ ሺህ ሰው ፊት «ማክ ዘ ናይፍ» የተባለውን ዘፈን ስትዘፍን ግጥሙ መካከል ላይ ጠፋባት። አላቆመችም። ግጥሙን መርሳቷን ራሱን ግጥም አድርጋ፣ ምቱንና ቤት መምቻውን ሳትስት እስከ መጨረሻው ዘለቀች፤ ሸክላውም በጣም ከተወደዱላት ሥራዎች አንዱ ሆነ። የአገራችን አዝማሪ ይህን ቢሰማ ሙያውን ወዲያው ያውቀዋል። ሌላው ነገር ፒያኖ ተጫዋቹ ሄርቢ ሃንኮክ ደጋግሞ የሚተርከው ነው። በ1960ዎቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር በሽቱትጋርት ሲጫወት፣ በዴቪስ የጡሩምባ ጨዋታ መካከል ፈጽሞ የማይስማማ ኅብረ ድምፅ መታ። ዴቪስ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለና ያን የተሳሳተውን ድምፅ ትክክለኛ የሚያደርጉ ድምፆችን ተጫወተ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በሐርሞኒየም ፊት መዝሙር ያጠናን ሁሉ፣ ከተጻፈው አንዲት ኖታ ማለፍ ምን ያስከትል እንደ ነበር እናስታውሳለን። እዚህ ግን የባልደረባ ስሕተት እንደ አዲስ መነሻ ተወሰደ። እንዲህ ለማድረግ ሙዚቀኛው ሌሎቹን ከራሱ ይልቅ መስማት አለበት፤ ስለ ጃዝ ሲጻፍ ጣትና ትንፋሽ ብዙ ይመሰገናሉ፣ ጆሮ ግን እምብዛም አይነሣም።

በመጨረሻ ወደ ኒውፖርት እንሂድ። ዲዩክ ኤሊንግተን በኅዳር 1973 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን የተቀበለና ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተገናኘ በመሆኑ በአገራችን እንግዳ ስም አይደለም። በ1956 ግን ዘመኑ ያለፈበት ሽማግሌ ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ሐምሌ 7 ቀን ሌሊት፣ ሕዝቡ ወደ ቤቱ መሄድ ሲጀምር፣ በ1937 የደረሳቸውን ሁለት የብሉዝ ክፍሎች አቀረበ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ እንዲሞላ ለሳክስፎን ተጫዋቹ ለፖል ጎንሳልቭስ ተወለት። ጎንሳልቭስ 27 ዙር ተጫወተ፤ ይኸውም 324 ቤት መሆኑ ነው፣ ከስድስት ደቂቃም በላይ ፈጀ። ያው ጆ ጆንስ፣ በካንሳስ ሲቲ ሳሕኑን የጣለው ሰው፣ በመድረኩ ጫፍ ተቀምጦ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምቱን እየመታ ያበረታታ ነበር። የሚሄደው ሰው ተመለሰ፤ አንዲት ሴት ተነሥታ ጨፈረች፤ ሺዎች በወንበር ላይ ቆሙ። በዙሮቹ ውስጥ ጎንሳልቭስ ብዙ ድምፅ አላበዛም፤ ከዙር ወደ ዙር ጥቂት ብቻ እየጨመረ፣ ከበታቹ ያሉትን ባስና ከበሮ አብሮ እያነሣ ሄደ። ይህን ስፍራ በ1951 በበርድላንድም ተጫውቶት ያውቃል፤ ስለዚህ መንገዱን ያውቀው ነበር። በዚያ ሌሊት አዲስ የሆነው ከሕዝቡ የመጣው ነው፤ ሕዝቡ በጮኸ ቍጥር ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ይለወጥ ነበር።

ያን ምሽት ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ እየቀረጸ ነበር። ይሁን እንጂ ጎንሳልቭስ ሲነፋ የቆመው በኩባንያው ማይክሮፎን ፊት ሳይሆን የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ባኖረው ማይክሮፎን ፊት ነበር። በሸክላው ላይ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ደክሞ ተሰማ፤ ከቀሩት ዜማዎች አንዳንዶቹም ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት ክፍል እንደ ገና ተቀርጸው የሕዝብ ጭብጨባ ተቀጠለባቸው። የሬዲዮው ቅጂ ኋላ ተገኝቶ ከኩባንያው ጋር ተጋጥሞ በ1999 ሲወጣ፣ 27ቱ ዙር በደንብ ተሰሙ። ጎንሳልቭስ ግን በግንቦት 1974፣ ኤሊንግተን ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በለንደን ሞቶ ነበር።